ከእግራችን ሥር፣ ከጎረቤታችን ራስ በላይ

የታችኛዋ እማማ የቤታቸውን ጣሪያ በመጥረጊያ እንጨት ማንኳኳት የጀመሩት እኛ ወለላችንን ካሳመርን በሁለተኛው ሳምንት ነው። በመጀመሪያው ምሽት ከእግራችን ሥር ‹‹ኳ፣ ኳ፣ ኳ›› የሚል ድምፅ ስንሰማ ባለቤቴ፣ ‹‹ፎቶ እየሰቀሉ ይሆናል›› አለች። በማግሥቱም በዚያው ሰዓት ተሰማ። በሦስተኛው ቀን ትንሿ ልጃችን ከመኝታ ቤት ወደ ሳሎን ሮጣ መጥታ ገና ከመቆሟ ኳኳታው ከሥር ተነሣ። ያን ጊዜ ነገሩ ገባን፤ እማማ የሚያንኳኩት እኛን ነው።

እማማን የምናውቃቸው ወደዚህ ኮንዶሚኒየም ከገባን ጀምሮ ነው። ቤታቸው ልክ ከእኛ ሥር ነው። ባለቤቴ ትንሿን ስትወልድ ገንፎውን ያገነፉት እሳቸው ናቸው። በዓል በመጣ ቁጥር ድፎ ዳቧቸውን ቆርሰው በልጅ ልጃቸው እጅ ወደ ላይ ይልኩልናል። እኛም ዶሮ ስንሠራ የእሳቸውን ድርሻ ሳናወርድ ማዕድ አንቀርብም። አሁን ግን ደረጃ ላይ ስንገናኝ ሰላምታቸው አጠረ። ለመስቀልም ዳቦው ሳይመጣ ቀረ።

ዛሬ የማወጋችሁ ስለ እንጨት ወለል ነው። በተለይም ከእንጨቱ ሥር ስለሚነጠፈው፣ እንግዳ ስለማያየው፣ ብዙዎቻችንም ‹‹ምን ያደርጋል?›› ብለን ስለምንዘለው ስስ ንጣፍ። እኔ ዘልዬው ሁለት ጊዜ ከፍያለሁ። ልጅ የሚድህበት፣ አያት የሚራመዱበት ቤት ያላችሁ ወላጆች ከእኔ ስህተት ብትማሩ ክፍያው በከንቱ አልቀረም እላለሁ።

የማይታይ ነገር ላይ ገንዘብ ምን ያደርጋል?

ብዙዎቻችን የኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች ቤታችንን ስንረከብ ወለሉ ባዶ ሲሚንቶ ነበር። እኛም ለዓመታት ፕላስቲክ ምንጣፍ አንጥፈን፣ ሳሎኑ ላይ ደግሞ አንድ አሮጌ የሱፍ ምንጣፍ ደርበን ኖርን። ነገር ግን የኅዳርና የታኅሣሥ ጠዋት ሲመጣ ሲሚንቶው እንደ በረዶ ይቀዘቅዛል። ትንሿ መዳህ ስትጀምር ጉልበቷ ቀይ ሆኖ ይውላል። እናቴ ከገጠር ልትጠይቀን ስትመጣ ቁርጥማቷ ይነሣባታል፤ ‹‹ይኼ ቤታችሁ ከሥር ነው የሚበርደው›› ትላለች። ስለዚህ ባለፈው ክረምት ያጠራቀምነውን ይዘን ወለሉን እንጨት ለማልበስ ቆረጥን።

የመረጥነው ላሚኔት የሚባለውን፣ ጠርዙ እርስ በርሱ የሚቆላለፈውን ነው። ቀለም ስንመርጥ ካሰብነው በላይ ወጪ ወጣን። ለዘመን መለወጫ እንዲደርስልን ስለፈለግን በነሐሴ አጋማሽ የተቦረቦረውን ሲሚንቶ አስጠገንን፤ በአሥር ቀኑ እንጨቱን ለማንጠፍ ባለሙያ ጠራን። ወጣቱ ባለሙያ ወለሉን አየና፣ ‹‹ጋሼ፣ ከሥሩ ፕላስቲክና ስፖንጅ ላድርግበት?›› ሲል ጠየቀኝ። ዋጋውን ነገረኝ። ከእንጨቱ ዋጋ ጋር ሲተያይ ጥቂት ነው። እኔ ግን ኪሴ ስለሳሳ፣ ‹‹የማይታይ ነገር ላይ ገንዘብ ምን ያደርጋል? እንጨቱን ብቻ አንጥፈው›› አልኩት። ‹‹እርስዎ ካሉ›› ብሎ ሥራውን ጀመረ። በእሱ የምፈርድበት ነገር የለኝም፤ ጠይቆኝ ነበር።

ለእንቁጣጣሽ ቤታችን አበራ። የመጣው ሁሉ አደነቀ። ልጆቹ በካልሲ እየተንሸራተቱ ከግድግዳ ግድግዳ ይሮጣሉ። እኔም ሶፋዬ ላይ ተደግፌ በምርጫዬ ኮራሁ።

እታች ወርጄ የሰማሁት

ጥቅምት ላይ የእማማ ልጅ ወደ እኛ ወጣች። ተቀመጪ ብንላት በር ላይ ቆማ፣ ‹‹ይቅርታ አድርጉልኝና፣ እናቴ ደም ግፊት አለባት፤ ሌሊት እንቅልፍ የላትም። ልጆቻችሁን አትቆጡ አላለችኝም፤ እኔ ግን ማየት አልቻልኩም። ፈረስ የሚጋልብ ነው የሚመስለው›› አለችን። እንባ ተናነቃት። ባለቤቴ ደነገጠች። እኔ ደግሞ፣ እውነቱን ልናገርና፣ ውስጤ ተከፋ። ልጆቼ ከጎረቤት ልጆች የተለየ ምን አደረጉ? ከዚህ በፊትስ በዚሁ ቤት ውስጥ አልነበር የሚሮጡት?

በማግሥቱ እሑድ ስለነበር ብርቱካን ይዤ ወረድኩ። እማማ ነጠላቸውን አጣፍተው ተቀበሉኝ። ብዙ ሳላወራ፣ ‹‹እማማ፣ እዚሁ ልቀመጥና ራሴ ልስማው›› አልኳቸው። ለባለቤቴ ደወልኩና ልጆቹን እንደ ወትሮው እንዲጫወቱ ልቀቂያቸው አልኳት።

የሰማሁትን እስካሁን አልረሳውም። የትንሿ እርምጃ፣ ያቺ ክብደቷ ከአንድ ከረጢት ጤፍ የማይበልጥ ልጅ፣ ከራሴ በላይ እንደ ከበሮ ይመታ ነበር። የባለቤቴ ነጠላ ጫማ ከወጥ ቤት እስከ ሳሎን አንድ በአንድ ይቆጠራል። ትልቁ ልጄ ወንበር ሲስብ ጣሪያው የሚቀደድ መሰለኝ። እማማ ፊቴን እያዩ፣ ‹‹ቀን ቀን እንኳ እችለዋለሁ ልጄ፤ ሌሊት አንተ ውኃ ልትጠጣ ስትነሣ እኔም እነሣለሁ›› አሉኝ። ሌሊት ስንት ጊዜ እንደምነሣ ነገሩኝ። ትክክል ነበሩ። አፍሬ ወጣሁ።

ልጆቻችን አልተለወጡም፤ የተለወጠው ወለሉ ነው። ድምፅ ወደ ጎረቤት የሚሄድበት መንገድ ሁለት ነው። ወሬና ሬዲዮ በአየር ይሄዳሉ። እርምጃ፣ የወደቀ ማንኪያና የተጎተተ ወንበር ግን ራሱን የሕንፃውን አካል መትተው ያንቀጠቅጡታል። ኮንክሪት ጠንካራ ስለሆነ ያንን ምት ሳይቀንስ ወደ ታች ያሳልፈዋል። ጠንካራ ነገር በጠንካራ ነገር ላይ ሲያርፍ ድምፁ ይብሳል። ፕላስቲኩና የሱፉ ምንጣፍ ምቱን ትንሽም ቢሆን ያለዝቡልን ነበር። እነሱን አንሥቼ በምትካቸው ጠንካራ እንጨት በባዶ ሲሚንቶ ላይ አስቀመጥኩ። ከዚህ በተጨማሪ ሲሚንቶው እዚህም እዚያም ጎድጎድ ስለሚል እንጨቱ በየቦታው ከሥሩ ክፍት ነው፤ በተረገጠ ቁጥር ዝቅ ብሎ ሲሚንቶውን ይመታዋል። ለካ ከበሮ ሠርቻለሁ!

ይህን ምት ማስቀረት የሚቀለው ከመነሻው፣ ከእንጨቱ ሥር ነው። እናቶቻችን ቡና ሲወቅጡ ከሙቀጫው ሥር ጨርቅ የሚያደርጉት በዚሁ ምክንያት ነው። እማማ ጣሪያቸውን በምንም ቢለብጡት ኮንክሪቱ አንዴ ከተመታ ድምፁ በግድግዳውም ዞሮ ይመጣባቸዋል።

ከጣውላው ሥር ነፋስ የሚያነጥፉ ሰዎች

ለጊዜው ያለንን ምንጣፍ ሁሉ አውጥተን አነጠፍን። እማማ ትንሽ እፎይ አሉ። ነገር ግን ወለሉ ሌላ ጉድ ይዞ ቆየን። ኅዳር መጨረሻ ላይ በረንዳው አጠገብና ሲሚንቶ ያስጠገንንበት ቦታ ላይ የእንጨቶቹ መጋጠሚያ እያበጠ መነሣት ጀመረ። አንድ ጠዋት እናቴ ስትራመድ የእግሯ ጣት ባበጠው መጋጠሚያ ተሰናክሎ ወደፊት ተንደረደረች። የሶፋው ክንድ ባይኖር ኖሮ ምን እንደሚፈጠር ማሰብ አልፈልግም። በእሷ ዕድሜ የዳሌ ስብራት ማለት ምን ማለት እንደሆነ አዛውንት ያለበት ቤት ሁሉ ያውቀዋል።

ጥር ላይ አንድ ሽማግሌ አናጺ አገኘን። ከአርባ ዓመት በላይ በእንጨት ሥራ የኖሩ ናቸው። ገብተው አልተቀመጡም። ጫማቸውን አውልቀው በባዶ እግራቸው ሳሎኑን ዞሩት፤ እየረገጡ ያዳምጣሉ፤ በጣታቸው አንጓ እያንኳኩ ያዳምጣሉ። ከዚያ ዞኮሎውን፣ ግድግዳውና ወለሉ የሚገናኙበትን የሚሸፍነውን ጠባብ እንጨት ማለቴ ነው፣ ነቅለው ጥቂት ጣውላ አነሡ። የረጠበ ጆንያ ሽታ አፍንጫችንን መታው። የእንጨቱ ጀርባ በጥቁር ነጠብጣብ ተሸፍኗል፤ ሻግቷል።

‹‹ልጄ፣ ይኼ እንጨት ውኃ የጠጣው ከላይ አይደለም፤ ከታች ነው›› አሉኝ። ‹‹ሲሚንቶውን መቼ ነው ያስጠገንከው?››

‹‹ነሐሴ ላይ፣ ጋሼ። እንጨቱ ከመነጠፉ ከአሥር ቀን በፊት።››

ራሳቸውን ነቀነቁ። ሲሚንቶ ከላይ ነጭ ሆኖ ሲታይ ደረቀ እንላለን፤ ውስጡ ግን ገና እርጥብ ነው። በባለሙያዎች የተለመደ ግምት መሠረት አንድ ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የሲሚንቶ ልስን ለመድረቅ አንድ ሳምንት ያህል ይፈልጋል፤ ውፍረቱ ከአራት ሴንቲ ሜትር ካለፈ ደግሞ ከዚያም በላይ ይዘገያል። ይህ በደህና አየር ነው። በክረምት፣ መስኮት ተዘግቶ፣ ዝናብ ሳያባራ፣ ከዚያ ይብሳል። በውስጡ የቀረው እርጥበት ወደ ላይ ሲወጣ መጀመሪያ የሚያገኘው እንጨቱን ነው። እንጨት ደግሞ ተቆርጦም፣ ተልጎም፣ ቀለም ተቀብቶም እርጥበት መጠጣቱንና መትፋቱን አይተውም። ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲተፋ ይሸበሸባል። ላሚኔት ውስጡ የተፈጨ እንጨት ተጨፍልቆ የተሠራ ስለሆነ አንዴ ካበጠ ወደ ቀድሞ መልኩ አይመለስም።

‹‹የድሮ ሰው ይኼን ያውቅ ነበር›› አሉ ሽማግሌው። ‹‹እነዚያን ፒያሳ ያሉትን አሮጌ ቤቶች አይተሃል? ወለላቸው ጣውላ ነው። ከጣውላው ሥር ሞራሌ አለ፤ ከሞራሌው ሥር ባዶ ቦታ አለ፤ ከቤቱ ግርጌ ደግሞ ነፋስ የሚገባበት ትንንሽ ቀዳዳ ታያለህ። የድሮ ሰው ከጣውላው ሥር ነፋስ ነበር የሚያነጥፈው። አንተ ምን አነጠፍክ?››

መልስ አልነበረኝም።

ማታ ወርጄ የሆነውን ለእማማ ስነግራቸው ሳቁብኝ። ከመስከረም ወዲህ ሲስቁ ያየሁት ያን ቀን ነው። ‹‹አንተ ልጅ፣ ድፎ ዳቦ ያለ ኮባ ሲጋገር አይተህ ታውቃለህ? ኮባው አይበላ፣ አይታይ። ግን እሱ ከሌለ ዳቦው ከሥሩ አርሮ ይቀራል›› አሉኝ። ሽማግሌው አናጺ በሰዓታት ያስረዱኝን እማማ በአንድ አፍ ጨረሱት።

ለየትኛው እንጨት የትኛው ንጣፍ?

በሥራው ሁለት ሳምንት ሽማግሌውን እየተከተልኩ ብዙ ጠየቅኋቸው። መጀመሪያ የነገሩኝ፣ ‹‹እንጨት ሁሉ አንድ አይደለም፤ ጉዝጓዙም አንድ አይደለም›› የሚለውን ነው። ጉዝጓዝ የሚሉት ከሥር የሚነጠፈውን ነው፤ እኔም ቃሉን ወድጄዋለሁ።

እንደ እኛ ቤት የሚቆላለፍ ላሚኔት ወይም ስስ የእንጨት ወለል ከሆነ፣ እንጨቱ በሲሚንቶው ላይ ሳይጣበቅ ነው የሚቀመጠው። ለዚህ ከሁሉ በታች ወፍራም ፕላስቲክ፣ ከዚያ በላይ ከሁለት እስከ ሦስት ሚሊ ሜትር የሚሆን ስፖንጅ ይነጠፋል። ፕላስቲኩ እርጥበቱን ይከለክላል፤ ስፖንጁ ምቱን ያለዝባል፣ የሲሚንቶውን ጥቃቅን ጉድለት ይሞላል፣ ቅዝቃዜውንም ይቀንሳል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ‹‹በወፈረ ቁጥር ይሻላል›› ብለው ወፍራም ስፖንጅ የሚመርጡ ወይም ሁለት ድርብ የሚያነጥፉ አሉ። ስፖንጁ ከመጠን በላይ ከለሰለሰ እንጨቱ ሲረገጥ ይሰምጣል፤ መቆላለፊያው ቀስ በቀስ ይሰበራል። ጀርባው ላይ ስፖንጅ ተለጥፎበት የሚሸጥ እንጨት ከሆነም ሌላ ስፖንጅ መደረብ አያስፈልግም።

በማጣበቂያ የሚለጠፍ ፓርኬ ከሆነ ግን ስፖንጅ አይነጠፍበትም። ፓርኬው የሚይዘው ሲሚንቶውን ነው፤ መካከላቸው ልል ነገር ከገባ ይለቃል። ለእሱ ዋናው ሲሚንቶው በደንብ መድረቁ፣ አቧራው መጠረጉና ከማጣበቂያው በፊት እርጥበት የሚያግድ ቅብ መቀባቱ ነው። ፎቅ ላይ ሆኖ ድምፅ መቀነስ የሚፈልግ ሰው ከቡሽ ወይም ከጎማ የተሠራ፣ ለማጣበቂያ ሥራ ተብሎ የተዘጋጀ ንጣፍ አለ፤ እሱ ራሱ በሲሚንቶው ላይ ይለጠፍና ፓርኬው በላዩ ይለጠፋል።

በምስማር የሚመታ ወፍራም ጣውላ ደግሞ ሌላ ነው። ይህ በሞራሌ ወይም በወፍራም ኮምፔንሳቶ ላይ ይመታል። በመካከሉ የሚገባው ሬንጅ የጠጣ ወፍራም ወረቀት ነው። ወረቀቱ ከሥር የሚመጣውን እርጥበት ያዘገያል፤ እንጨት ከእንጨት ጋር ሲፋተግ የሚያሰማውንም የሲጥሲጥታ ድምፅ ይቀንሳል። ስፖንጅ ቢደረግበት ጣውላው በተረገጠ ቁጥር ከፍ ዝቅ እያለ ምስማሩን ያላላዋል።

በርካሽ እናምልጥ ብለው ካርቶን ወይም አሮጌ ምንጣፍ የሚያነጥፉም አሉ። ካርቶን እርጥበት ይጠጣል፣ በጥቂት ጊዜም ይፈረካከሳል። አሮጌ ምንጣፍ በጣም ልል ስለሆነ መቆላለፊያውን ይሰብራል፤ እርጥበት ካገኘው ደግሞ ከሥር ሆኖ የሚሻግተው እሱ ነው።

ባለሙያ ከመጥራታችሁ በፊት

የመጀመሪያው ነገር ሲሚንቶው መድረቁን ማወቅ ነው። ሽማግሌው ያሳዩኝ ዘዴ ማንም በቤቱ ሊሞክረው የሚችል ነው። ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሚሆን ጥርት ያለ ፕላስቲክ በሲሚንቶው ላይ ያነጥፉና አራቱንም ጠርዝ በሰፊ ፕላስተር አየር እንዳያስገባ አድርገው ያሽጉታል። ከ24 ሰዓት በኋላ ሲያነሡት ከሥሩ የውኃ ላብ ካለ ወይም ሲሚንቶው ጠቁሮ ከታየ ገና ነው። እኛ ቤት በመጀመሪያው ሙከራ ላቡ ወረደ። ወለሉን ከፍተን፣ መስኮቱን ከፍተን፣ ሦስት ሳምንት በባዶ ሲሚንቶ ላይ ኖርን። በሁለተኛው ሙከራ ደረቅ ሆኖ ተገኘ። ምድር ቤት የምትኖሩ ይህን አንድ ጊዜ ሞክራችሁ አትመኑት፤ በበጋ የደረቀ ወለል በክረምት ከመሬት እርጥበት ሊስብ ይችላል። ለእናንተ ፕላስቲኩ የግድ ነው።

ሁለተኛው የወለሉ መስተካከል ነው። ሁለት ሜትር የሚሆን ቀጥ ያለ ዘንግ ወለሉ ላይ አስተኝታችሁ ከሥሩ ያለውን ክፍተት እዩ። ከሦስት ሚሊ ሜትር በላይ ከሆነ መስተካከል አለበት። ስፖንጅ ጥቃቅን ጉድለት እንጂ ጉድጓድ አይሞላም።

ሦስተኛው፣ እንጨቱ ከመነጠፉ በፊት እሽጉ ሳይፈታ ለ48 ሰዓት ያህል በሚነጠፍበት ክፍል ውስጥ ይተኛ። የቤቱን አየር ይልመድ። ከመኪና ወርዶ ወዲያው የተነጠፈ እንጨት ከተነጠፈ በኋላ ነው የሚያብጠው ወይም የሚሸበሸበው።

በሚነጠፍበት ጊዜ ደግሞ አጠገቡ ቁሙ። ፕላስቲኩ ከፕላስቲክ ጋር ሲገናኝ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ተደራርቦ በፕላስተር ይታሸግ፤ ግድግዳው ሥርም ትንሽ ከፍ ይበል። ስፖንጁ ግን አይደራረብም፤ ጠርዝ ለጠርዝ ይገጣጠማል። እንጨቱ ከግድግዳው ስምንት እስከ አሥር ሚሊ ሜትር ይራቅ፤ በክረምት ሲያብጥ መሄጃ ይፈልጋል። ክፍተቱን ዞኮሎው ይሸፍነዋል። አንድ ያላሰብነው ነገርም ገጠመን፤ ስፖንጁ ወለሉን ከፍ ስላደረገው የመኝታ ቤቱ በር አልከፈት አለ። ሽማግሌው በሩን ነቅለው ግርጌውን በመላጊያ ላጉት። ይህን አስቀድማችሁ ለኩ።

ከአሮጌው እንጨት አብዛኛው ተረፈልን። ሳይጣበቅ የተቆላለፈ ስለነበር ተፈትቶ እንደገና ተነጠፈ። ያበጠውንና የሻገተውን ግን ጥለን አዲስ ገዛን። መጀመሪያ ለስፖንጅና ለፕላስቲክ አልከፍልም ያልኩት ገንዘብ ለአዲሱ እንጨት፣ ለእጅ ዋጋና ለበሩ ከወጣው ጋር ሲነጻጸር አሳፋሪ ነው።

ስፖንጅ የማይሠራው ሥራ

ሥራው ባለቀ ቀን ማታ እንደገና ወደ እማማ ወረድኩ። ልጆቹም እንደገና ከላይ ተለቀቁ። እማማ ጆሯቸውን ወደ ጣሪያው ቀና አድርገው አዳመጡ። የትንሿ እርምጃ አይሰማም። ባለቤቴ ስትራመድ አይሰማም። ከዚያ ትልቁ ልጄ ከሶፋው ላይ ዘለለ መሰለኝ፣ ‹‹ድም›› አለ። እማማ፣ ‹‹እሱ ይሰማል›› አሉ። ‹‹ይኼን ግን ልጅ ነው ብዬ አልፈዋለሁ።››

እውነቱ ይኸው ነው። ስፖንጅ እርምጃን ያለዝባል እንጂ ዝላይን አያጠፋም። ቴሌቪዥንንና ጭቅጭቅንም አያስቀርም፤ እነሱ በአየር የሚሄዱ ናቸው። ስለዚህ የቀረውን በስምምነት ጨረስነው። የወንበሮቹና የጠረጴዛው እግር ሥር ወፍራም ጨርቅ ለጠፍን። ቡና ስንወቅጥ ሙቀጫው ሥር የታጠፈ ብርድ ልብስ አለ፤ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ አይወቀጥም። ኳስ ውጭ ነው። ልጆቹም ምክንያቱን ስለሚያውቁ ብዙ አያስቸግሩም፤ ትልቁን ልጄን አንድ ቀን እማማ ቤት አስቀምጬ የእህቱን ሩጫ አሰምቼዋለሁ። ከመቶ ቁጣ ያ ይሻላል።

ውኃም ሌላ ጉዳይ ነው። ከሥር የተነጠፈ ፕላስቲክ ከላይ የሚደፋ ውኃ አያግድም። በባልዲ ደፍቶ የማጠብ ልማዳችን ለሲሚንቶና ለሴራሚክ እንጂ ለእንጨት አይሆንም። በደንብ የተጨመቀ ጨርቅ ይበቃዋል። የአበባ ማሰሮ ሥር ሳህን ይደረግ። ለአዛውንት የሚያንሸራትት ሰምም አይቀባ፤ ልጆችም በካልሲ ብቻ ከሚሮጡ ባዶ እግራቸውን ቢሆኑ ይሻላል።

ለፋሲካ እማማን ወደ ላይ ጋበዝናቸው። በልጃቸው ተደግፈው ደረጃውን ወጡ። እናቴም ነበረች። ድፎ ዳቧቸው ከነኮባው ከእሳቸው ቀድሞ ደርሷል። ባለቤቴ ቡና ልታፈላ ስትል እማማ ወለሉን አዩና፣ ‹‹ቄጠማው የታል?›› አሉ። ቄጠማ እርጥብ ስለሆነ ለእንጨቱ እንደሰጋሁ ነገርኳቸው። እናቴና እማማ ተያዩ፤ እንደ ሕፃን ነው ያዩኝ።

‹‹ቄጠማ ያልተጎዘጎዘበት በዓል የት አይተሃል?›› አሉ እማማ። ‹‹አራግፉትና ከሥሩ ፕላስቲክ አድርጉበት። ለጉዝጓዝም ጉዝጓዝ አለው። ይኼን ሁሉ ከፍለህ አልተማርክም እንዴ?››

ፕላስቲኩን ፈልጌ አመጣሁ። ትንሿ ልጄ ቄጠማውን በላዩ ነሰነሰችው። የከሰል ማንደጃውም ሥር ሸክላ ሳህን ገባ። ቡናው እስኪፈላ እናቴ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ወለሉ ላይ ዘረጋች። ስለ ብርድ ምንም አላለችም።